የመብራቱ ጥፋት

የሰፈሩ ሰው ትክክለኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ሰው በርጩማው ላይ በተቀመጠ ቁጥር «ቀና በሉ!» ሲል ስለኖረ፣ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ቀና በሉ» ይለዋል። እሱም አይከፋውም። አንዳንዴ ስልክ ሲያነሳ «ቀና በሉ ነኝ» ብሎ ራሱ ይስቃል። ሰውን ሁሉ ቀና በል የሚለው ይህ ሰው ራሱ ጎባጣ ነው፤ ዕድሜውን በካሜራ ላይ አጎንብሶ የጨረሰ ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ወገብ ከየት ያመጣል?

ፎቶ ቤቱ አንድ ክፍል ተኩል ነው። በትልቁ ክፍል ውስጥ በርጩማው፣ ሰማያዊው መጋረጃ፣ ሁለት መብራቶች፣ ብርሃን የሚያለዝብ ነጭ ጃንጥላ፣ መስታወትና በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ አሉ። ማበጠሪያውን ያሰረው አራተኛው ከተሰረቀበት በኋላ ነው። ሰው ፀጉሩን አበጥሮ ሲያበቃ ማበጠሪያውን ኪሱ የሚከተው ምን ነክቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባውም። ግማሿ ክፍል ድሮ ፊልም የሚያጥብባት ጨለማ ክፍል ነበረች። ፊልም ቀርቶ ነገሩ ሁሉ በኮምፒዩተር ማለቅ ሲጀምር፣ ሚስቱም ስታርፍ፣ አንድ ልጁም ለሥራ ሩቅ ከተማ ስትገባ፣ የተከራየውን ቤት ለቀቀና አልጋውን እዚያች ክፍል ውስጥ አስገባ። ክፍሏ መስኮት የላትም። ነጩ አምፖል ከተቃጠለ ወዲህ የሚያበራው ያ የፊልም ጊዜ ቀይ አምፖል ብቻ ነው። «ለመተኛት ምን ብርሃን ያስፈልጋል?» እያለ ሳይቀይረው ቀረ። ጠዋት ጠዋት እዚያው ቀይ ብርሃን ውስጥ ይለብሳል፣ እዚያው ፂሙን ይላጫል።

የጥፍሩ ነገር የመጣው ከዚያችው ክፍል ነው። ስንት ዓመት እጁን ኬሚካልና ውሃ ውስጥ ነክሮ እንደኖረ እሱ ያውቃል። ከአሥሩ ጣቶቹ የሰባቱ ጥፍር ወፍሮ፣ አመድ መስሎ፣ ከጫፉ መፈርፈር ከጀመረ ከርሟል። ስላላመመው ጉዳዬ ብሎት አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ግን አንዲት ወጣት ለሥራ ማመልከቻ ፎቶ ልትነሳ መጣች። አገጯ ዝቅ ብሎ ስለነበር፣ ለሁሉም እንደሚያደርገው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ዘርግቶ ሊያቃናላት ቀረብ አለ። ልጅቷ ጣቶቹን አየችና ፊቷን ወደ ኋላ ሸሸት አደረገች። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔው አስተካክለዋለሁ» አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ትሕትናዋ ነው አንጀቱን የቆረጠው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ከሩቅ ሆኖ የሚያዝ ሰው ሆነ፦ «ቀና በሉ። ትንሽ ወደ ግራ። አይ፣ የእርስዎ ግራ!» ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሰው የሚነካው በዚያች በአገጭ ማቃናት ብቻ ነበር። ይህንን ደግሞ ያወቀው ከቀረበት በኋላ ነው።

ልጁ በሦስት ወር ውስጥ ልታገባ ነው። የሙሽራው ወላጆች አሉ፣ አጎቶች አሉ፣ የሚጨበጥ እጅ መዓት ነው። ሙሽራዋን ልጁን ለመዳር በአውሮፕላን ሄዶ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ሊቆም ነው? ሲያስበው ላብ አጠመቀውና ክሊኒክ ሄደ።

የክሊኒኩ ሐኪም ጥፍሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየ። «ፈንገስ ነው» አለው። «በየቀኑ ጠዋት አንድ ክኒን፣ ለሦስት ወር። ግን በወሩ መጥተው ደምዎን እናያለን፤ መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ ጉበት ይጎዳል።» እሱም እሺ ብሎ የሦስት ወሩን ክኒን አንድ ላይ ገዝቶ ተመለሰ። ወሩ ሲሞላ፣ ልክ በዚያ ቀን፣ የሦስት መቶ አርባ ተማሪ መታወቂያ ፎቶ አንሳ ተብሎ ትምህርት ቤት ተጠራ። «ነገ እሄዳለሁ» አለ። ነገውም ሌላ ነገ ወለደ፤ የደም ምርመራው በዚያው ተረሳ።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ከልጁ ጋር እሑድ እሑድ በስልክ ያወራሉ፤ አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት። ክኒኑን ከመጀመሩ በፊት በነበረው እሑድ ወሬ ሲያልቅበት ስለ ጥፍሩ አነሳላት። እሷ ነገሩን ከልቧ ይዛዋለች። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ አባት እንዲሁ ሆኖ የዳነበትን መድኃኒት ስም ተቀበለች፣ ከተማውን ዞራ ፈለገች፣ ያለ ማዘዣ አንሸጥም ያሏትን ለምና ገዛች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በመንገደኛ እጅ አንድ አረንጓዴ ሳጥን ደረሰው።

«አባዬ፣ ስንት ቦታ እንደዞርኩ ብታውቅ!» አለችው በስልክ። «በቀን አንድ ነው፣ ከምግብ በኋላ። ደግሞ እንዳትረሳው፤ አንተን አውቅሃለሁ።»

እንግዲህ ለዚህች ልጅ «ተይው፣ ከክሊኒክ ተሰጥቶኛል» እንዴት ይበላት? አፉ እንቢ አለው። ሁለቱን ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አያቸው። የክሊኒኩ ሰማያዊ ነው፤ የልጁ አረንጓዴ። በትልቅ ፊደል የተጻፈው ስም የተለያየ ነው። አንዱ ክኒን ድቡልቡል፣ አንዱ ሞላላ ነው። ሁለት የተለያየ መድኃኒት ለመሆናቸው ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል? ደግሞ በእሱ ሙያ፣ ደብዛዛ የወጣ ፎቶ ኬሚካሉ ውስጥ ቆየት ሲል ይደምቃል። ለጥፍሩም ያው ነው ብሎ ደመደመ። ጠዋት የክሊኒኩን፣ ማታ የልጁን መዋጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ሰውየውን ሞኝ ለማለት የሚቸኩል ካለ ትንሽ ይታገሥ። አረንጓዴው ሳጥን በደረሰ ማግሥት፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጢው አለ። «አባዬ፣ ዋጥክ?» ይላል መልእክቱ። «ዋጥኩ» ብሎ መለሰ። በማግሥቱም መጣ። በሦስተኛውም ቀን። ከእሑድ እስከ እሑድ ድምፅ የማይሰማበት ስልክ በየማታው ይጮህ ጀመር። አንዳንዴ «ዋጥኩ» ካለ በኋላ «እራት ምን በላህ?» ትለዋለች፤ አንዳንዴ ስለ ሙሽራ ልብሷ ትነግረዋለች፤ አንድ ማታ በአለቃዋ ጫማ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ ሱቁን በአሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋና በርጩማው ላይ ይቀመጣል። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ክኒን፣ ጉልበቱ ላይ ስልኩ። መልእክቱ ሳይመጣ አይውጥም። መልእክቱ ሲመጣ ቀድሞ ይውጥና ከዚያ «ዋጥኩ» ይላል፤ ለልጁ መዋሸት አይወድማ። የሚጠብቃት ሰዓት በማግኘቱ ደስ ብሎት ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም ምሥጢር የለውም።

የክሊኒኩን ክኒን ከጀመረ አምስት ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ምግብ ጣዕም አጣበት። ምሳ የሚበላው ከፎቶ ቤቱ ማዶ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቷ ምላሰኛ ናት፣ እጇ ግን ይጣፍጣል። ሾርባዋን ቀምሶ «ምነው እትዬ፣ ጨው ረሳሽ?» አላት። ጨመረችለት። «አሁንም የለውም።» ጨመረችለት። በሦስተኛው ቀን «ጋሽ ቀና በሉ፣ ሌላው ሰው ባሕር ልታጠጪን ነው ወይ እያለኝ ነው። ምላስህን አስመርምር!» አለችው በሰው ፊት። ኩርፊያ ልማዱ ነውና ከዚያ ወዲያ እግሩን አላነሳም። ዳቦና ሻይ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሆኖ መብላት ጀመረ። ያቺ ሴት በቀን አንዴ ፊቱን በፀሐይ ብርሃን የምታይ ብቸኛ ሰው ነበረች።

ከዚያ ድካም መጣ። ሁለት ሰው አንስቶ ቁጭ ማለት ያምረዋል። ገላውን ይበላዋል፤ ሳሙና ቀየረ። ሽንቱ እንደ ወፈረ ሻይ ሆነ፤ ውሃ ስላልጠጣሁ ነው አለ። ለሁሉም አንድ አንድ መልስ ነበረው። ደንበኞቹ አይተው እንዳይነግሩት፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን የሚያየው መብራቱን እንጂ ከመብራቱ ጀርባ የቆመውን አይደለም። በቀዩ አምፖል ሥር ደግሞ ቢጫ ቀለም ነጭ መስሎ ነው የሚታየው። ይህንን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንድ ማታ ልጁ «አባዬ፣ አንድ የአሁን ፎቶህን ላክልኝ፤ በትልቁ አሳትሜ እንግዳ ክፍሌ ውስጥ ልሰቅለው ነው» አለችው። በማግሥቱ ነጭ ሸሚዝ ለበሰና ካሜራውን ራሱ እንዲያነሳ አድርጎ በርጩማው ላይ ወጣ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ሦስተኛው ነው። «ቀና በል» አለ ለራሱ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ኮምፒዩተሩ ላይ ሲከፍተው ፎቶው ቢጫ ነው። «ይቺ ጃንጥላ አረጀች» ብሎ አጉረመረመ፤ ጨርቋ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆናለች ማለቱ ነው። ከዚያ እጁ የለመደውን ሠራ። ቢጫውን ቀነሰ፣ ፊቱን ትንሽ ቀላ አደረገ። ዓይኑ አሁንም አልነጻም፤ ለሙሽሮች እንደሚያደርገው የዓይኑን ነጭ ለብቻው አነጣው። አራት ደቂቃ አልፈጀበትም። ላከላት።

«እንዴት አምሮብሃል አባዬ! ወጣት ሆነሃል!» አለችው። ያን ማታ ክኒኑን ደስ ብሎት ዋጠ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው መታወቂያውን ሊያሳድስ ወደ መታወቂያ መስጫው ቢሮ ወጣ፤ ያለ እሱ አውሮፕላን አያሳፍሩትም። የራሱን ፎቶ ይዞ ሄዶ «ከውጭ የመጣ ፎቶ አንቀበልም፣ የምናነሳው እኛው ነን» ተባለ። ደሙ ፈላ። የገበያውን ግማሽ የወሰደበት ይኸው ካሜራ ነው። ሲደርሰው ከነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ቀና በሉ እንኳ ሳትለው ቀጭ አደረገች። እሱ አንገቱን አስግጎ ስክሪኗን አየ።

«ልጄ፣ ካሜራሽ ቢጫ እያበዛ ነው» አላት።

«ምን አሉኝ?»

«ነጩን በደንብ አላስያዝሽውም ማለቴ ነው። አንድ ነጭ ወረቀት አሳዪውና እንደገና አንሺኝ። በዚህ ሥራ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።»

ከኋላው ያሉት ወረፋ ጠባቂዎች አጉረመረሙ። ልጅቷ ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ፊቱን አየችው። በደንብ አየችው። አፏን ገጠመችና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ከእርስዎ በፊት ያነሳሁት ሰው ነው» አለች። ጥርስ የመሰለ ነጭ ዓይን ያለው ጎልማሳ። ከዚያ የእሱን አመጣችው። «ይኼ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ግድግዳው ነጭ ነው። የሸሚዝዎም ኮሌታ ነጭ ነው። ያው አንድ መብራት ነው ጋሼ።»

ከባለሙያ ጋር የሚከራከር ሰው ማስረጃ ሲቀርብለት ምን ይላል? ኮሌታው ነጭ ነው። ነጭ ኮሌታ ካለበት ፎቶ ላይ ቢጫው የመብራቱ ሊሆን አይችልም፤ ይህንን እሱ ራሱ ስንቱን ያስተማረበት ነገር ነው።

«አሞዎታል እንዴ?» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ደህና ነኝ ሊል ነበር። «አሞዎታል እንዴ» ያለው ሰው ከተገኘ ስንት ጊዜው ነው? እዚያው ወረፋ ፊት ሆድ ባሰው፤ ዕንባው እንዳይመጣ ጣሪያውን እያየ ወጣ።

ፎቶ ቤቱ ገብቶ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። እሱ የነካካውን ፎቶ ከመነካቱ በፊት የነበረውን ሳያስቀምጥ አያውቅም፤ የሙያው ሕግ ነው። የራሱን አወጣው። ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ቢጫ ፊት፣ ቢጫ ዓይን። ሸሚዙ ነጭ ነበር። ያን ዕለትም ሸሚዙ ነጭ ነበር! ጃንጥላዋን አየት አደረጋት፤ በከንቱ ነው ያማት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሽታው ፎቶ ተነስቶ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የደመሰሰው የእሱ እጅ ነው።

ሆስፒታል ያየችው ሐኪም የዓይኑን ቆብ ሳብ አድርጋ አየችና ወዲያው ደም አስቀዳች። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«አባት፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ለጥፍሬ አንድ ክኒን።»

«እሱ ብቻ?»

የማታው ክኒን የእሱና የልጁ ጉዳይ ነበር፤ ለሌላ ሰው መናገር አሳፈረው። «ሌላም አለ» አለ በመጨረሻ። «እሱ የልጄ ነው።»

ሁለቱንም ሳጥን ከኪሱ አውጥቶ አስቀመጠ። ሐኪሟ ጎን ለጎን አደረገቻቸውና ከትልቁ ስም በታች ያለውን ጉንዳን የሚያካክል ጽሑፍ በብዕሯ ጫፍ አሳየችው። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ያው ቃል ነው። በሰማያዊውም፣ በአረንጓዴውም፣ ፊደል በፊደል።

«ፋብሪካዎቹ ያወጡላቸው ስም ነው እንጂ የሚለያየው፣ መድኃኒቱ አንድ ነው» አለችው። «ስምንት ሳምንት እጥፍ ሲወስዱ ነበር። ጉበትዎ ተጎድቷል፤ ቀላል ጉዳት አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም እናቆማለን። ብዙ ሰው ካቆመ በኋላ እያገገመ ይመጣል። የማይመለስለትም አለ። የእርስዎን በሚቀጥሉት ቀናት ከደምዎ እናየዋለን።» ከዚያ ቅጹን ሳበችና «አብሮዎት ያለው ማነው?» አለች።

«ማንም» አለ።

አልጋ ያዘ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ አልጋ አንድ የጠያቂ ወንበር አለ። የአጠገቡ በሽተኛ ሆዱን የተቀደደ አናጢ ነው፤ ስድስት ልጆች፣ ሁለት እህቶችና ቁጥር የሌለው የሥራ ባልደረባ አለው። የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ አንደኛዋ እህት ትመጣና «ጋሼ፣ ይቺን ወንበር ልውሰዳት? ሰው ከሌለበት…» ትለዋለች። «ውሰጃት» ይላል። ሲሄዱ ትመልሳለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳትጠይቀው ወሰደች፤ መልሳም አላመጣችም። ፍራፍሬያቸውን ያካፍሉታል፣ ሳቃቸው ግን የራሳቸው ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ይመስላል።

የመጀመሪያው ማታ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ትራሱ ሥር ያለው ስልክ ጢው አለ። «አባዬ፣ ዋጥክ?»

ረጅም ጊዜ አየው። እውነቱን ቢነግራት፣ ለሠርግዋ ሦስት ሳምንት ሲቀራት፣ ስንት ቦታ ዞራ ለምና የገዛችው መድኃኒት አባቷን አልጋ ላይ እንደጣለው ልትሰማ ነው። ይህንን ዕድሜ ልኳን ልትሸከመው ነው። እንደሱ ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ውሸትም አይደለም። ከዚህ ሥር ግን ሌላ ፍርሃት አለ፤ እሱን ለራሱም መናገር አልፈለገም። «ዋጥኩ» ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ውሸቱ ነው። በማግሥቱም ዋጥኩ አለ። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። በቪዲዮ እንተያይ ስትለው የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል አላት። ፎቶ አንሺ ካሜራ ተበላሸብኝ ሲል ማን ይጠረጥራል?

በስድስተኛው ቀን ሐኪሟ ወረቀት ይዛ መጣች። ፊቷ አላማረውም።

«የጉበትዎ ቁጥር አልወረደም» አለች። «ነገና ከነገ ወዲያም ካልወረደ ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንልክዎታለን። ያን ጊዜ ብቻዎን መሆን አይችሉም። ልጅ የለዎትም?»

«አለችኝ።»

«ታዲያ ታውቃለች?»

ስልኩን ትራሱ ሥር ገፋ አደረገው። እሷም አላስጨነቀችውም፤ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካክላለት ሄደች።

በዚያ ማታ አናጢው ዘንድ ወሬው ደርቷል፤ የእሱ ወንበር ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣ ትስቃለች። እሱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን አነሳ። ቢጫ ነው፤ ከመጀመሪያው የባሰ ቢጫ። ጣቱ ሳያዝዘው ቀለም ማስተካከያውን ከፈተው። ትንሽ ገፋው፣ ቢጫው ከፊቱ ለቀቀ። ትንሽ ገፋው፣ ዓይኑ ነጣ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ደህና ሰው ነው፤ ልጁን የሚድር፣ እጅ የሚጨብጥ። አየው፣ አየውና ጠላው። ያንን ሰውዬ ማንም መጥቶ ሊጠይቀው አይችልም። ሁሉንም ወደነበረበት መለሰው።

«አባዬ፣ ዋጥክ?»

ያልተነካውን ፎቶ ላከላት። ቃል አልጨመረበትም።

አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ! ምንድነው ይኼ? መብራቱ ነው አይደል? መብራቱ ነው በለኝ!» የፎቶ አንሺ ልጅ ናት፤ ያደገችው በዚያው በርጩማ ሥር ነው።

«መብራቱ ደህና ነው፣ እናቴ» አላት። «ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም።»

ነገራት። ሁለቱን ሳጥን፣ የደም ምርመራውን፣ ጃንጥላዋን፣ የመታወቂያዋን ልጅ፣ ሁሉንም። እሷ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ድምፅዋ ቀጥኖ መጣ።

«እኔ የላክሁት ነው? እኔ ነኝ አባዬ?»

«አይደለሽም። አንዱን ብቻ ብውጥ ኖሮ እዚህ ላልተኛ እችል ነበር። ሁለቱንም የዋጥኩት እኔ ነኝ።»

«ከክሊኒክ ከተሰጠህ ለምን አልነገርከኝም? ያንን ዋጥ፣ የእኔን ተወው እልህ ነበር እኮ! አንድ ቃል ብትነግረኝ!»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

«ምኑን?»

የአናጢው ቤተሰብ ሳቅ ጋብ ብሎ ነበር። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከተውኩት ማታ ማታ አትጠይቂኝም ብዬ ነው።»

ሳግዋን ሰማ፤ ከዚያ ቁምሳጥን ሲከፈት፣ የሻንጣ ዚፕ ሲሳብ ሰማ።

ቁጥሩ በስምንተኛው ቀን መውረድ ጀመረ። ጉበቱ ሙሉ በሙሉ እስኪያገግም አራት ወር ፈጀ፤ ሠርጉ ስድስት ሳምንት ወደ ፊት ተገፋ፤ ጥፍሮቹም የዳኑት ገና በግማሽ ነው። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። ልጁ በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ስትቆም፣ እሱ ይድናል ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም፤ እሷም አታውቅም።

ዓይኗ አልጋዎቹን አንድ በአንድ አለፈ። በእሱ ላይም አልፎ ሄዶ ተመለሰ። እሱ ሁለት እጁን ብርድ ልብሱ ሥር ደበቀና አቀረቀረ። ወንበሩ እንደ ልማዱ አናጢው ዘንድ ነው፤ የምትቀመጥበት የለም። መጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ፍራሹ በክብደቷ ዝቅ አለ። ከዚያ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አገጩ ሥር አደረገች።

«ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ። በመስኮቱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እሱም ዓይኑን አልሰበረም።